ኮቦ ቱልቦክስ በጅማ፦ የልጃገረዶችን ሕይወት ለሚያጠና ምን ያህል ይበጃል?

አሜሪካ ውስጥ ስለ ጥቁር ልጃገረዶች ሕይወት የተዘጋጀ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ ጅማ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ የሚሰናከለው «ጥቁር» የሚለው ቃል ላይ ነው። «ጥቁር በመሆንሽ አስተማሪዎች ለይተው ይቀጡሻል?» ተብላ የተጠየቀች የሄርማታ ልጅ «ኧረ እኔ ጠይም ነኝ!» ብትል አይፈረድባትም። እዚህ ቃሉ የመልክ ስም ነው፤ ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን እንጠራራበታለን። እዚያ ግን ከባርነት ጀምሮ የመጣ የታሪክ ሸክም ተሸክሟል። መልሱ የሚሞላበት ስልክ ይህን አያውቅም። «አይ» የሚለውን መልስ መዝግቦ ወደ ሰርቨር ይልካል፤ በማግስቱም ያማረ ሰንጠረዥ ያወጣል።

መጠይቅ በስልክ የሚሰበሰብበትን መሣሪያ፣ ኮቦ ቱልቦክስን፣ የምንመዝነው በዚህ ዓይን ነው። የተጠየቀውን በታማኝነት ይሰበስባል፤ ጥያቄው ከልጃገረዶቹ ጋር ካልተሠራ ግን ስህተቱንም በዚያው ታማኝነት ያባዛዋል። ነጥብ ስጡ ከተባልን ለመቁጠር ከ5 4፣ ለማዳመጥ ከ5 2።

መሣሪያው ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ጉዳዮች ተቋም የወጣ ሲሆን አሁን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሁለት ክፍል አለው፦ ቅጹ በኮምፒውተር የሚሰናዳበት ድረ ገጽና «ኮቦኮሌክት» የተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ። ለተማሪና ለአነስተኛ ድርጅት የሚበቃ ነጻ አገልግሎት አለ፤ በሚላኩት ቅጾች ብዛትና በፋይል ማከማቻው ላይ ግን ጣሪያ ስላለው፣ ያ ጣሪያ ደግሞ ስለሚቀያየር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ገጹን ማየት ይገባል። ትልቁ ጥቅሙ ቅጹ አንዴ ስልኩ ላይ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ አለመጠየቁ ነው። ሰቃ ጨቆርሳ ወይም ዴዶ ገጠር ውስጥ ሲሠራ ተውሎ ማታ ጅማ ከተማ ሲገባ ይላካል። ድምፅና ፎቶ የሌለው ቅጽ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ የዳታ ጥቅል አይበላም። አይፎን ላይ መተግበሪያው አይሠራም፤ በብራውዘር የሚከፈተው ቅጽ ግን ይሠራል።

ወደ ቋንቋው እንምጣ። አንድ ቅጽ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሊጫን ይችላል፤ መረጃ ሰብሳቢዋ ከምናሌው ቋንቋ ትቀይራለች እንጂ ሁለት ቅጽ አትይዝም። ጥሩ ነው። ችግሩ ከእንግሊዝኛ የሚመለሰው አማርኛ ነው። በማሽን የተተረጎመ መጠይቅ ልጅቷን «ትምህርት ቤት ትሄዳለህ?» ወይም «ባለፈው ሳምንት ተርበው ያውቃሉ?» ይላታል። የ13 ዓመት ልጅ «እርስዎ» ስትባል ፈተና ላይ የተቀመጠች ይመስላታል፤ «አንተ» ስትባል ደግሞ ትስቃለች። መጠይቁ በሙሉ «ትሄጃለሽ፣ በልተሻል፣ ማን ነገረሽ» በሚለው መጻፍ አለበት። አፋን ኦሮሞ ለሁለተኛ መደብ የወንድና የሴት መለያ ስለሌለው በዚያ በኩል ይህ ችግር የለም። ስለዚህም የኦሮምኛውን ቅጂ ያጸደቀ ሰው አማርኛውን ሳያይ እንዲያልፈው መፍቀድ አይገባም። የወንዶችና የሴቶች ናሙና በአንድ ቅጽ ከተሰበሰበ ደግሞ በጾታ መልስ ተመርተው የሚከፈቱ ሁለት የጥያቄ ስብስቦች ይዘጋጁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አንዴ ብቻ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ደስ ያሰኛል። የቀን ጥያቄ ላይ «አፒራንስ» በሚባለው፣ የጥያቄው አቀራረብ በሚስተካከልበት ቦታ «ኢትዮፒያን» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ኮቦኮሌክት መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ጳጉሜንንም ጨምሮ ያሳያል። በሰርቨሩ የሚቀመጠው ግን ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ነው፤ ልክም ነው። ስህተት የሚገባው የልደት ዓመት በቀን ጥያቄ ሳይሆን በባዶ የቁጥር ሳጥን ሲጠየቅ ነው። «2004» ተብሎ የተጻፈው በማን አቆጣጠር ነው? የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት የ13 ዓመቷን ልጅ የ21 ዓመት ወጣት ያደርጋታል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ዕድሜም የልደት ዓመትም ይጠየቃል፤ ሁለቱ ከ1 ዓመት በላይ ከተራራቁ ቅጹ እንዳያልፍ ገደብ ይገባለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉርምስና የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ስለሆነ ከዚህ ውጪ ያለውንም መዝጋት ይቻላል። አንዳንድ ሰው ስልኩን ራሱን በኢትዮጵያ ቀን ይሞላዋል። ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ጊዜ መተግበሪያው የሚወስደው ከስልኩ ስለሆነ መስክ ከመውጣት በፊት የስልኮቹ ቀን ሁሉ ይታይ።

ከቀኑ የባሰው ሰዓቱ ነው። ለኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ኮቦ ምንም መፍትሔ የለውም። የልጃገረድ ሕይወት ጥናት ደግሞ ያለ ሰዓት አይሆንም፤ ስንት ሰዓት ትነሻለሽ፣ ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ትሄጃለሽ፣ መቼ ታጠኛለሽ። ልጅቷ «በ11» ትላለች፤ ሌሊት 11 ማለቷ ነው፣ በፈረንጅ 5 ሰዓት። መረጃ ሰብሳቢው ስልኩ ላይ 11 ብሎ ይነካል፤ ረፋድ ላይ ተነሳች ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስቷል፤ ከትምህርት በፊት የተሠራው የቤት ሥራም እንደዚያው ጠፍቷል።

ስለዚህ የሰዓት ጥያቄውን ተዉት። ከ1 እስከ 12 የሚቀበል የቁጥር ጥያቄ ይግባ፤ ከሥሩ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚል ምርጫ ይከተል። ሲተነተን ለቀኑ 6 ይደመራል፤ ለሌሊቱ 18 ይደመርና 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ይቀነስለታል። ሌሊት 11 ሲደመር 29፣ ሲቀነስ 5፤ ልክ። የሚያሳስተው 12 ብቻ ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት» ያለችን ልጅ መረጃ ሰብሳቢው «ቀን» ብሎ ከመዘገባት ስሌቱ የምሽቱን 18 ሰዓት ይሰጣል። ቁጥሩ 12 ሲሆን ብቻ «ሲነጋ ነው ሲመሽ?» የሚል ጥያቄ ብቅ እንዲል ማድረግ ነው፤ ጥያቄን እንደ መልሱ የሚከፍተውና የሚያዘልለው የመዝለያ ደንብ ለዚህ አይታማም፣ በጣም ጎበዝ ነው።

የሥራ ሰዓት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ልጅቷ ሕፃን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች፤ ቡና እየቆላች ታናሿን ታስጠናለች። አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል ጥያቄ አንዱን ሥራ ይሰርዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰረዘው ሕፃን መያዙ ነው፣ ማንም ሥራ ብሎ አይጠራውምና። ለእያንዳንዱ ሰዓት «ዋናው ሥራ» እና «አብሮ የተሠራው» ተብሎ ሁለት ጥያቄ ይግባ። ወቅትም ይመረጥ። ቡና በሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የተሰበሰበ የሰዓት መረጃና በመጋቢት የተሰበሰበው አንድ አይደሉም፤ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ስለሆነም «ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ዓርብ ቀን ከተጠየቀ የገበያውን ቀን ብቻ ይዞ ይመጣል። የትኛው ቀን እንደተጠየቀ ቅጹ ራሱ ከቀኑ አስልቶ እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል።

ማንን ነው የምንጠይቀው? ይህ ከሶፍትዌር በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከጅማ የተሻለ ማስረጃ ያለው ከተማ ብዙ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በተካሄደ የቤተሰብና የወጣቶች ጥናት የ2,084 ታዳጊዎች መልስ ተተንትኖ ነበር። ወንዶቹም ሴቶቹም እኩል በተራቡ ቤቶች ውስጥ ይኖሩ ነበር። ታዳጊዎቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ምግብ እንደሚያጡ ተናገሩ፤ ልዩነቱ የሰፋው እጅግ በተቸገሩት ቤቶች ውስጥ ነበር። አባወራው ብቻ ተጠይቆ ቢሆን ይህ አይታይም ነበር፤ ሌማቱ አንድ ነውና።

የኮቦ ተለምዷዊ አሠራር ግን ወደ አባወራው ይገፋል፦ አንድ ቤት፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ መላሽ። ልጅቷን ለብቻዋ ለማናገር ሁለት ቅጽ አዘጋጅቶ በአንድ መለያ ቁጥር ማያያዝ ያስፈልጋል። ቁጥሩ በእጅ ሲጻፍ 0 እና 1 ይሳሳታሉ፤ ታትሞ የተለጠፈ ባርኮድ በስልኩ ካሜራ ማንበብ ይሻላል፣ ኮቦኮሌክት ያነበዋል። በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ «ዝምድናዋ» የሚለውንም በአባወራው ቃል ብቻ ማመን አይገባም። ከገጠር መጥታ ከተማ የምትኖር ልጅ በቤቱ ባለቤት አፍ «ዘመድ ናት፣ ልጃችን ማለት ናት» ትባላለች። ለብቻዋ ሦስት ጥያቄ ትጠየቅ፦ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ? ገንዘብ ወይም ልብስ የሚሰጥሽ ለሥራሽ ነው? ማታ የምትተኚው የት ነው? መልሱ «ዘመድ» የሚለውን ቃል ይፈታዋል።

አሜሪካ ውስጥ ስለ ጥቁር ልጃገረዶች የሚሠሩት ጥናቶች ለጅማ የሚያበድሩት ጥያቄያቸውን ሳይሆን አሠራራቸውን ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የድህነትና የእኩልነት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት 325 አዋቂዎች ተጠይቀው ጥቁር ልጃገረዶችን ከነጭ እኩዮቻቸው ይልቅ የበሰሉ፣ ብዙም እንክብካቤና ጥበቃ የማያሻቸው አድርገው እንደሚያዩ ታውቋል፤ ይህም ገና ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ ነው። የተጠየቁት አዋቂዎቹ እንጂ ልጆቹ አልነበሩም፤ ይህን ልብ ማለት ያሻል። በኢሊኖይ ደግሞ ሩት ኒኮል ብራውን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው «ሶልሆት» የተባለው ስብስብ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፦ ልጃገረዶቹ ይሰበሰባሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያወራሉ፤ እውቀቱ ከዚያ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር በኮቦ ቅጽ መሰብሰብ አይቻልም፤ አይሞከርም። ከዚያ የሚገኘውን ቃል ግን ቅጽ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ጅማ ላይ «ትልቅ ሴት ሆነሻል» የሚለው ንግግር የ11 ዓመት ልጅ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚሁ ቃል ይጀምር እንጂ ከተተረጎመ ስኬል (የመለኪያ መጠይቅ) አይጀምር።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። ከ8 እስከ 10 የሚሆኑ ልጃገረዶች፣ ቢቻል ከትምህርት ቤት ክበብም ከትምህርት ውጪ ካሉትም ተቀላቅለው፣ ቅጹ ከመሠራቱ በፊት ይሰበሰቡ። የሚያስቸግራቸውን ይዘርዝሩ። ከዚያ ለእያንዳንዷ 10 የቡና ፍሬ ይሰጥና በዝርዝሩ ላይ እንደ ክብደቱ ታስቀምጥ። (ኮቦም ደረጃ ማስያዣ ጥያቄ አለው፤ በትንሽ ስልክ ላይ ግን ለመጠቀም ያስቸግራል፣ ልጆቹም ይሰለቻሉ። ፍሬው ይሻላል፤ ጅማ ላይ ደግሞ ፍሬ አይጠፋም።) ብዙ ፍሬ ያረፈባቸው ጉዳዮች ወደ ጥያቄ ይለወጡ። ረቂቁ ሲያልቅ ልጆቹ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አባባል መልሰው ይናገሩት። ሁለት ልጆች አንድን ጥያቄ በተለያየ መንገድ ከተረዱት ጥያቄው ይጣላል። ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ተብራርቶ የሚገባ ጥያቄ መስክ ላይ እንደሚያብራራው ሰው ይለያያልና።

ድምፅ መቅዳትም በኮቦ ይቻላል። ሦስት የጥራት ደረጃ አለ፦ መደበኛው በሰዓት ወደ 30 ሜጋባይት፣ ዝቅተኛው ወደ 11፣ «ድምፅ ብቻ» የሚባለው ወደ 5። ዳታ ለመቆጠብ ሦስተኛውን የሚመርጥ ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። በ8 ኪሎኸርዝ ስለሚቀዳ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ይቆረጣል፤ «ሰ» እና «ጸ»ን፣ «ሸ»ን የሚለየው ሹክሹክታ ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው። የሚገለብጠው ሰው እየገመተ ይጽፋል። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ መገመትም አይቻልም። መደበኛው ላይ ይሁን፤ የሚላከውም በዋይፋይ ብቻ ተደርጎ ይስተካከል። ረጅም ውይይት ከሆነ ለብቻው መቅረጫ ይሻላል፤ በቅጽ ውስጥ የሚቀዳ ድምፅ ስልክ ሲደወል ሊቋረጥ ይችላል። ክፍት ጥያቄን መስክ ላይ በአማርኛ መተየብ ግን መቅዳት ከሚወስደው ጊዜ በላይ ይፈጃል፤ የልጅቷም ዓይን ከተያቢው ጣት ላይ አይነሳም።

አሁን አስፈሪው ክፍል። የጋብቻ ዕድሜ በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እንዲሁም ጅማ ባለችበት በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው። ስለዚህ «ታጭተሻል?» የሚለው ጥያቄ ላይ «አዎ» ያለች የ15 ዓመት ልጅ መልስ አንድን ቤተሰብ ሊያስከስስ የሚችል ሰነድ ነው። ከወላጅ ፈቃድ፣ ከልጅቷ ደግሞ የራሷ እሺታ ለየብቻ ይወሰድ፤ ሁለቱም ካልተሞሉ ቅጹ ወደ ፊት እንዳይሄድ ማሰር ይቻላል። እናት ስታዳምጥ አደገኛው ክፍል እንዲዘለል «አሁን ለብቻችን ነን?» የሚል ጥያቄ ለመረጃ ሰብሳቢዋ ይግባላት። የቤት መገኛ በጂፒኤስ አይወሰድ። ቀበሌ ይበቃል። ነባሪው አሠራር እስከ 5 ሜትር ድረስ ስለሚጠጋ ፋይሉን ያገኘ ሰው የልጅቷን በር አገኘ ማለት ነው። ፎቶ የሚያነሱ ልጆች ካሉም የስልኩ ካሜራ ፎቶው ላይ ቦታ እንዳይጽፍ በቅድሚያ ይዘጋ።

ምስጠራ አለ፤ በ2,048 ቢት ቁልፍ። ቅጹ ሲጠናቀቅ ስልኩ ላይ እያለ ይመሰጠራል፣ ሰርቨሩ ላይም ማንም ሊያነበው አይችልም። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ያልተጠናቀቀ፣ «ረቂቅ» ሆኖ የተቀመጠ ቅጽ አይመሰጠርም፤ ስልኩ ከጠፋ የሚነበበው እሱ ነው። ምስጠራውን የሚፈታው የግል ቁልፍ ከጠፋ ደግሞ መረጃው ጠፋ፤ ኮቦም ሊመልሰው አይችልም። ቁልፉ በሁለት ፍላሽ ተቀድቶ በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ። የተመሰጠረ መረጃ በድረ ገጹ ላይ አይታረምም፣ ግራፍም አይወጣለትም፤ ስለዚህ በየቀኑ ስህተት ማረም የለመደ አስተባባሪ ይቸገራል። ስለ ትምህርት ቤት ጫማና ደብተር ብቻ ለሚጠይቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ስለ ጥቃትና ጋብቻ ለሚጠይቅ ግን ያለሱ መጀመር ነውር ነው።

የኦዲት መዝገቡን ማንም አይናገርለትም፤ ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ምርጡ እሱ ይመስለናል። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ስንት ሰከንድ እንደተቆየ በዝምታ ይመዘግባል። 60 ጥያቄ ያለው ቅጽ በ4 ደቂቃ ካለቀ ሻይ ቤት ተቀምጦ የተሞላ ነው። በሌላ በኩል አንዲት መረጃ ሰብሳቢ አንድ ጥያቄ ላይ ሁልጊዜ 3 ደቂቃ ከቆየች የተበላሸው ጥያቄው ነው እንጂ እሷ አይደለችም፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። ለቅጣት ብቻ ከዋለ ግን መረጃ ሰብሳቢዎች ሆን ብለው መዘግየት ይለምዳሉ።

መረጃው ሲወርድ ሲኤስቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል አይሁን። ኤክሴል በቀጥታ ሲከፍተው የግዕዝ ፊደሉን ወደማይነበብ ምልክት ሊለውጠው ይችላል፤ ተደጋጋሚ ክፍሎችም፣ ማለትም የሰዓት ዝርዝሩና የቤተሰብ አባላቱ፣ በሲኤስቪ አብረው አይወርዱም። በኤክሴል ቅርጽ ሲወርድ እነዚህ በተለያዩ ገጾች ይመጣሉ፤ ከዋናው ገጽ ጋር የሚያያይዛቸው የረድፍ መለያው ነው። ያንን አምድ «ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም፤ ከሰረዘው የትኛው ሰዓት የየትኛዋ ልጅ እንደሆነ አይታወቅም።

ውጤቱን ወደ ሰፈር መመለስ ላይ ኮቦ ብዙ አይረዳም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ የቆየ ተቋም ስለሆነ መጠይቅ ይዞ በር የሚያንኳኳ ተማሪ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም፤ መልሱን ይዞ የሚመለሰው ነው የሚያስገርመው። የሪፖርት ገጹ በመቶኛ የተሠሩ አግዳሚ ግራፎች ያወጣል፤ ለልጆቹም ለእናቶቹም ቶሎ አይገባም። በትልቅ ወረቀት ላይ «ከ10 ልጆች 4ቱ» ተብሎ በሥዕል መሥራት ይሻላል፤ መጀመሪያ ጥያቄውን ያወጡት ልጃገረዶች አይተውት፣ «ይሄ አይለጠፍም» ያሉት ወጥቶ። በአንድ ቀበሌ «ታጭቻለሁ» ያሉት 2 ብቻ ከሆኑ ቁጥሩ አይወጣም፤ ሰፈሩ ማን ማን እንደሆኑ ያውቃል። ከ5 በታች የሆነን ቁጥር የሚደብቅ ማብሪያ በሪፖርት ገጹ ላይ የለም፤ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት አንድ በአንድ በእጅ ይሰረዛል።